አባቱን ላላየ ልጅ የወጣ ስም

አዛውንቶችን እንድንከባከብ የቀጠረኝ ኤጀንሲ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ስማቸው «አዳልበርት» ይላል። ከጎኑ በእስክሪብቶ «አል በሏቸው» ተብሎ ተጨምሮበታል። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ፖላንዳዊ ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። የእኔ ሥራ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት እየሄድኩ ገላቸውን ሲታጠቡ ማገዝ፣ ቁርስ መሥራትና መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ማየት ነበር።

ቤታቸው እኔ ከምኖርበት የቶሮንቶ ሰፈር፣ ከፓርክዴል፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከእኛ ሕንፃ ወጥቼ የስትሪትካሩን፣ የከተማውን ባቡር፣ ሐዲድ ተከትዬ ሽቅብ ስታጠፍ የሱቆቹ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ዳቦ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያም በፖላንድኛ ነው። አሮጊቶች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ አንድም ቃል ሳይገባኝ አልፋለሁ። ግን ደስ ይለኝ ነበር። እነሱም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው።

አንድ ወር ሙሉ «ሚስተር አል» እያልኩ ጠራኋቸው። አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ አይመልሱም። ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ ድምፄን ከፍ ማድረግ ጀምሬ ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው።

አንድ ቀን ጠዋት በበሩ ቀዳዳ የገባ ፖስታ ከወለሉ ላይ አነሳሁ። ቴምብሩ የፖላንድ ነው፤ አድራሻው የእሳቸው ነው፤ ስሙ ግን ሌላ።

«የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው መሰለኝ የመጣው» አልኳቸው።

«የማን?»

ስሙን እንደ እንግሊዝኛ ላነበው ሞከርኩ። ዎጅ፣ ዎጅሲ፣ ዎጅሲየች። ምላሴ ተሳሰረ። የእንቁላሉን ሹካ አስቀምጠው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነው።

«እሱ እኔ ነኝ» አሉ። «ቮይቼኽ።»

«ቮይቼኽ» አልኩ።

ሳቃቸው ቆመ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ድምፅ የዚህ አገር ሰው በቀላሉ አያወጣትም፤ ወይ «ክ» ያደርጋታል ወይ ይውጣታል። የእናቴ አገር ሰዎች ግን «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» የሚሉ ናቸው፤ ከተማ ባድግም ድምፁ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «እንደገና።» እንደገና አልኩት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው እንደሌለ የነገሩኝ ትንሽ ቆይተው ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ካልጋሪ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ እሷ «ዳድ» ነው የምትላቸው።

ታዲያ አዳልበርት ከየት መጣ? ቮይቼኽ የሚባል የጥንት ጳጳስ ነበር አሉኝ፤ ለአገራቸው ትልቅ ቅዱስ ነው። ይህ ጳጳስ ልጅ ሳለ ያስተማረው ሰው አዳልበርት ይባል ስለነበር በክብር ስሙን ወሰደ። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ሁሉ ቅዱሱ አዳልበርት ተብሎ ነው የተጻፈው። እሳቸው ወጣት ሆነው ካናዳ ሲገቡ «የስምህ ትርጉም አዳልበርት ነው» ያላቸው ሰው ተገኘ፤ ፋብሪካ ሲቀጠሩ ፎርማኑ እሱም ረዘመበትና አል አደረጋቸው።

«ግን ትርጉሙ እሱ አይደለም ማለት ነው» አልኩ። «ትክክለኛው ምን ማለት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እዚህ አገር ስም እንዴት እንደሚጻፍ ነው የሚጠይቁሽ። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።»

ስሙ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው አሉኝ። ያኔ ወላጆች ሁለት ቃል ገጥመው ነበር ለልጅ ስም የሚያወጡት፤ እንደ ምኞት። «ቮይ» ተዋጊ ማለት ነው። «ቼኽ» ደግሞ ደስታ። እዚህ ላይ ግን የተማሩት ሰዎች አይስማሙም። ግማሾቹ «በውጊያ የሚደሰት» ማለት ነው ይላሉ። ግማሾቹ «ለተዋጊ ደስታ የሆነ፣ ተዋጊን የሚያጽናና» ይላሉ። ከዚያው ሥር የወጣ «ፖቼሃ» የሚባል ቃል አላቸው፤ መጽናኛ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ፖላንዳዊ ስለ ልጁ ሲያወራ «ፖቼሃዬ» ሊል ይችላል።

«እናትዎ የትኛውን አስበው ነው ያወጡት?» አልኳቸው።

«ሁለተኛውን» አሉ ወዲያው። «አባቴ ጦርነቱ ሲጀመር ዘመተ። እኔ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ባቡር ጣቢያው ላይ ሆዷን ዳስሶ ‹ወንድ ከሆነ ቮይቼኽ በይው፤ ስመለስ ደስታዬ ይሆናል› አላት። አልተመለሰም። የት እንደወደቀም አናውቅም።»

ሳህኑን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ ቶሮንቶ የመጣሁት በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ብቻዬን። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ወንድ ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት። ባሌ የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ሲዘምት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሦስተኛ የለም። መርዶውን ይዞ የመጣው አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው፤ ልጄ ያኔ ዳዴ ይል ነበር። ወረቀት ግን አልመጣም። የእኔ የካናዳ ቪዛ ሲወጣ ለልጁ ወይ የአባቱ ፈቃድ ወይ የአባቱ የሞት ምስክር ወረቀት ተጠየቀ። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው የለም፤ ሞቱን የሚመሰክር ወረቀትም የለም። ቪዛዬ ደግሞ ሊቃጠል ነው። «አንቺ ሂጂ፣ እሱ ይከተልሻል» አሉኝ። ሄድኩ። ይከተላል የተባለው አንድ ዓመት አለፈው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊናፍቅ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባሌ መሞቱን የሚናገር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ናፈቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄም የምለምነው ያንኑ ወረቀት ነበር።

ልጄን የምደውልለት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ስለ ስሙ መጠየቅ ጀመረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ትርጉሙ ግን ከጎህ ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ አገር አባቱ ለሞተበት ልጅ ምትክ ነው፣ ካሳ ነው፣ ማስረሻ ነው የሚባል ስም ማውጣት የተለመደ ነው። እሱ ሲወለድ መርዶው ገና ባይመጣም ልቤ ይፈራ ነበር፤ እኔ ግን የማንም ምትክ እንዲሆን አልፈለግሁም። ያወጣሁለት ስም የራሱ ብቻ ነበር። ግን «ማን አወጣልኝ?» ሲለኝ፣ ስልኩ ውስጥ ድምፁ ትንሽ ሆኖ ስለሰማሁት ይሁን እንጃ፣ «አባትህ» አልኩት። «በደብዳቤው ጽፎልኝ ነው።»

«ደብዳቤውን ላኪልኝ።»

«ፖስታ ቤት ይጠፋል። ስትመጣ አሳይሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ስለ ደብዳቤው ይጠይቀኛል።

አዛውንቱ ቤት ሳህኑን ይዤ የቆምኩት ለዚህ ነው። ያን ቀን ግን ስለ ልጄ አልነገርኳቸውም። አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው፦ እኔ ከእኔ የሚበልጥን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አልችልም። እነሱም ዘንድ እንዲሁ ነው አሉኝ፤ «ጌታዬ» እንደማለት «ፓን» ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ሰው ሲጠሩ የስሙ ጫፍ ይለወጣል። «ፓኒዬ ቮይቼሁ» ማለትን አስተማሩኝ። ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ገና ከኮሪደሩ እላለሁ፤ ከላይ ቤት «አቤት» የሚመስል ድምፅ ይመጣል።

በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ በእነሱ ኤፕሪል ሃያ ሦስት ቀን፣ ስገባ ሱፍ ለብሰው ክራቫት አስረው አገኘኋቸው። ራሳቸውን ለማልበስ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው እግዜር ይወቅ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ትናንሽ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ የአሳማ ሥጋ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ ጨዋማ ኪያር፣ በውስጡ ጥቁር ፍሬ የተጠቀለለበት ኬክ።

«የቅዱሱ ቀን ነው» አሉኝ። «የስሜ ቀን። በእኛ ልማድ እንግዳ አይጠራም፤ ያስታወሰ ይመጣል።»

እኔ ደግሞ ሰሙነ ሕማማት ላይ ነበርኩ፤ የእነሱ ፋሲካ ካለፈ አንድ ወር ሆኖታል። ተነስተው ጉንጬን ሊስሙኝ ሲጠጉ ወደ ኋላ አልኩ።

«ይቅርታ፣ በዚህ ሳምንት አንሳሳምም። እጅም አንጨባበጥም።»

«ለምን?»

«ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለሆነ።»

ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከጠረጴዛው ላይ ልቀምሰው የምችለው ዳቦና ኪያር ብቻ ነበር፤ እሱን በላሁ። ሰዓቴ ሲያልቅ ለመሄድ ልቤ እምቢ አለኝ። ማንም አልመጣም። ይመጡ የነበሩት ሁሉ ስማቸው በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ላይ ነው አሉኝ፤ አንዱ ብቻ በሕይወት አለ፣ እሱም አልጋ ላይ ነው።

«ዛሬ ልደቴም ነው» አሉ ድንገት።

«በቅዱሱ ቀን ነው የተወለዱት?»

«አዎ። እና ከዚህ በፊት የነገርኩሽ ውሸት ነው።»

እናታቸው ሲሞቱ እሳቸው አርባ ዓመት ያህል ሆኗቸው እዚሁ ቶሮንቶ ነበሩ። ያኔ ወደ አገራቸው መግባትና መውጣት ከባድ ስለነበር ለቀብር አልሄዱም። ከወራት በኋላ የአባታቸው እህት የእናትየውን ጥቂት ዕቃ ስትልክ ደብዳቤ አብራ ላከች። «ወንድሜ ሲዘምት እርጉዝ መሆኗን አያውቅም ነበር» ይላል። «እሷ ራሷም ገና አላወቀችም። ስምህን ያገኘችው ካላንደር ላይ ነው፤ የተወለድክበት ቀን የቮይቼኽ ስለነበር። የባቡር ጣቢያው ነገር አንተ መጠየቅ ስትጀምር የፈጠረችው ነው።»

«ከሥራ ስመለስ ስትሪትካር ውስጥ ነው ያነበብኩት» አሉኝ። «መውረጃዬን አለፍኩ። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። ሹፌሩ ‹ጌታዬ፣ ጨርሰናል› እስኪለኝ አላወቅሁም።»

«ተናደዱ?»

«አንድ ዓመት ሙሉ። ፋብሪካ ውስጥ አል ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዳልኩሽ በልጅነቴ አባቴን አላየሁትም፤ ግን አንድ ነገር ሰጥቶኛል ብዬ ነው ያደግሁት። ያ ደብዳቤ እሱን ወሰደብኝ። ሚስቴ ግን በቁልምጫ ቮይቴክ እያለች መጥራቷን አልተወችም። ቀስ እያለ አለፈ።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የሚቆጨኝ ውሸቱ አይደለም» አሉ። «ልጠይቃት አለመቻሌ ነው። ለምን እንደዋሸችኝ አውቃለሁ። ግን ተቀምጠን፣ ‹እማ፣ እንዴት መጣልሽ?› ብላት እወድ ነበር።»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጄን፣ ደብዳቤውን፣ ቅዳሜ ጠዋቱን። እንባዬ መጣ፤ በሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ምን ይሻለኛል?» አልኳቸው።

«ለልጅሽ የሚሻለውን እኔ አላውቅም» አሉ። «እኔ ግን ከአክስቴ ሳይሆን ከእናቴ አፍ ብሰማው እመርጥ ነበር።»

ሌላ ምክር አልጨመሩም። ኬኩን ግማሹን ጠቅልለው፣ ፋሲካ ሲደርስ ትበያለሽ ብለው ሰጡኝ።

የባሌ የሞት ምስክር ወረቀት የወጣው በዓመቱ ነው። እናቴ በአዘቦት ቀን ደወለች፤ ሥራ ልገባ ስትሪትካር እየጠበቅሁ ነበር። «ልጄ፣ ወረቀቱ ወጣ» አለችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ ወይስ እግዜር ያጥናሽ?» አለች። እኔም አላወቅሁም። በዚያ ፌርማታ ቆሜ ባሌን እንደ አዲስ ቀበርኩት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልጄ የሚተኛበትን አልጋ የት እንደማደርገው አስብ ነበር።

ለአዛውንቱ ስነግራቸው በምርኩዛቸው ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ለምን እንደተነሱ እሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም። «እናቴ የአባቴን እንዲህ ያለ ወረቀት ሳታይ ሞተች» አሉ።

በሰኔ ልጃቸው መጥታ ወደ ካልጋሪ ወሰደቻቸው። እንደገና ወድቀው ነበር፤ ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። የመጨረሻው ቀን ቁርሳቸውን ሠራሁ፤ ዕቃው ሁሉ በካርቶን ስለነበር በወረቀት ሳህን በሉ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀችኝ፤ እኔም በእንግሊዝኛ መለስኩላት። በር ላይ ሦስት ጊዜ ሳምኳቸው፤ እነሱ የሚሳሳሙት እንደዚያ ነው። «ልጅሽ ሲመጣ ደውዪልኝ» አሉኝ።

ልጄ የመጣው በነሐሴ ነው። ፒርሰን ኤርፖርት የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጁን ይዛ ወጣች፤ አሥር ዓመቱ ነው፤ ከፎቶው ይረዝማል። ሮጬ ሳቅፈው ዝም ብሎ ቆመልኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝና እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። «እማዬ ሰላም ብላሻለች» አለ። እማዬ የሚላት እናቴን ነው። እኔን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አያውቅም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በምንም ሳይጠራኝ ቆየ። አንድ ነገር ሲፈልግ ያለሁበት ክፍል በር ላይ መጥቶ እስካየው ድረስ ይቆማል።

ስለ ደብዳቤው አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ነው ያስፈራኝ።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከብስኩት ቆርቆሮው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። እጄን ሳላነሳ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ስምህ እዚህ ውስጥ የለም። አባትህ አይደለም ያወጣልህ። እኔ ነኝ። ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«እማዬ ነግራኛለች። ኤርፖርት ስትሸኘኝ። ‹እሷ እስክትነግርህ ጠብቅ› አለችኝ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ በር ላይ እየመጣ የሚቆመው ለካ ይህን እየጠበቀ ነበር። እጄን አነሳሁ። ደብዳቤውን ወስዶ ማንበብ ጀመረ። የባሌ ጽሕፈት ይከብዳል፤ አንዳንዱን ቃል እኔ አነበብኩለት። የቤቱ ጣሪያ ያፈሳልና ግንበኛውን ጥሪው ይላል። ጫማው ጠብቦኛል ይላል። ሌላ ምንም የለም፤ መጨረሻው ላይ ግን «ራስሽን ጠብቂ። የሆድሽንም» ይላል።

«የሆድሽንም ያለው እኔን ነው?»

«አንተን ነው።»

ጣቱን መስመሯ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ «ታዲያ አንቺ ለምን ይህን ስም አወጣሽልኝ?» አለኝ።

ስለተወለደበት ቀን ነገርኩት። ሆስፒታሉ መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ ድምፁን ሰማሁ እንጂ ፊቱን አላየሁም። አዋላጇ መጋረጃውን ከፍታ ጎህ ሲቀድ፣ በዚያ በደከመ ብርሃን ነው ያየሁት። ያኔ አባቱ በሕይወት ነበር አልነበረም አላውቅም። የማውቀው ፊቱን ብቻ ነበር። አፉን ትንሽ ከፍቶ ነበር የሰማኝ፤ ያን ታሪክ ለማንም ነግሬ እንደማላውቅ የገባኝ እየነገርኩት ነው። በስሜ ጠርቶኝ «ሌላስ?» አለኝ። «እማዬ» የሚለው ስም ለእናቴ ቀረ፤ እስከ ዛሬ የሚጠራኝ በስሜ ነው። እንዳልለመድኩት አያውቅም።

በማግስቱ ካልጋሪ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳችው። ተኝተዋል አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስደውል ሆስፒታል ናቸው አለችኝ። ከዚያ ልጄን ትምህርት ቤት ማስገባት፣ የክረምት ጃኬት፣ የሁለት ቦታ ሥራ፤ ነገ ነገ እያልኩ ኅዳር ገባ። መሞታቸውን ደውላ የነገረችኝ ራሷ ልጃቸው ናት። ቀብሩ አልፏል አለች። «ስላንቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር፤ መጣ ወይ ይለኛል፤ እኔ ማን እንደሆነ አላወቅሁም» አለችኝ።

ልጄ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ይህን ታሪክ እንዳለ አጫወትኩት። ፍሪጁን ተደግፎ ሰማኝ። «በሁለት ወር ነው የተላለፍነው?» አለ። አዎ አልኩት። አባቱን ያላየ ትልቅ ሰው በሕይወቱ አግኝቶ እንደማያውቅ፣ ቢያገኝ ኖሮ የሚጠይቀው ብዙ ነገር እንደነበረው ነገረኝ። አዛውንቱን ምን ይጠይቃቸው እንደነበር ግን አልነገረኝም። ይህን ሳስብ ልጄና አዛውንቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል፤ ድምፃቸውን ግን መስማት አልችልም።